ያላስተማራት ሐረግ

የማሪቪክ እናት ፌሊሳ የሙታን ጸሎት መሪ ናት። በፊሊፒንሷ ዛምቦአንጋ ከተማ ሰው በሞተ ቁጥር ይጠሯታል፤ መቁጠሪያዋን ይዛ ሬሳው አጠገብ ትቀመጣለች። ከለቅሶ ቤት የወጣ ሰው በቀጥታ ወደ ቤቱ እንደማይገባ፣ ሟች ተረከዝ ተከትሎ ደጃፍ እንደሚያልፍ፣ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ጎራ ብሎ ማራገፍ እንደሚያስፈልግ ለማሪቪክ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ከጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ከለቅሶ ሲመለሱ ለማራገፍ የገቡት እትዬ ኪካ ዳቦ ቤት ነበር።

ሟቿ ሶሌዳድ የምትባል ወጣት ናት። ወደ ባሲላን ደሴት ስትሻገር ጀልባዋ ተገልብጣ ሰጠመች። ሶሌዳድ በሕይወት ሳለች ማሪቪክ አታውቃትም ነበር። ያወቀቻት ሣጥኑ ላይ ከቆመው ፎቶ ነው፤ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ረጅም ፀጉር፣ ሊስቅ ትንሽ የቀረው አፍ።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ነጭ በትር የያዘ ወጣት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተይዛለች። ለቅሶ ቤቱም ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አይታዋለች። ሌላ ባዶ ወንበር ስላልነበረ እናትና ልጅ እሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ።

«እናንተም ልታራግፉ ነው?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«በምን አወቅህ?» አለች ማሪቪክ።

«የሻማ ሽታ አላችሁ። ደግሞ እማማ ፌሊሳን በድምፃቸው የማያውቅ ሬሳ ብቻ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን በዳቦ ሙላው!» አለችው ፌሊሳ። የከንፈሯን ፈገግታ ግን በጣቷ ሸፈነችው።

እትዬ ኪካ ትኩስ ቸኮላት ይዛ መጣች። ስኒዎቹን ከትሪው እያነሳች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አራት ነበሩ።

«ሦስት ነን እኮ፣ እትዬ ኪካ» አለች ማሪቪክ።

«አራተኛዋስ? አብራችሁ የገባችው? ያቺ ፀጉሯ የራሰው?» እትዬ ኪካ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «ምነው፣ ወዴት ሄደች?»

ውጭ ዝናብ አልነበረም።

ወጣቱ እጁን በጠረጴዛው ላይ በቀስታ አንሸራተተ። አራተኛው ስኒ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ። ስኒውን ወደ ራሱ ሳበው፤ እንደ ሰው እጅ በሁለት መዳፉ ያዘው።

ቤታቸው ሲደርሱ ፌሊሳ ልጇን ደጃፉ ላይ አስቆመቻት።

«ስሚኝ ልጄ። ያ ክሪሳንቶ የሟቿ እጮኛ ነው። ዳቦ ቤት የመጣው ሊያራግፋት እንዳይመስልሽ። ይዟት ሊሄድ ነው የመጣው።»

*

ወራት አለፉ። ማሪቪክ ከከተማው አሮጌ የስፔን ምሽግ ጀርባ ባለ አሮጌ የእንጨት ቤት፣ ፎቅ ላይ፣ ሥራ አገኘች። ቢሮው የስፔን ድረ ገጾችን ይመረምራል፤ ዓይኑ የማያይ፣ እጁ የማይታዘዝለት፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው ሊገለገልባቸው መቻል አለመቻሉን ይፈትሻል።

«ቻቫካኖሽ ጥሩ ነው» አላት የቢሮው ኃላፊ ቤንጂ። «የቤታችን ቋንቋ የስፓኒሽ ልጅ አይደለች? እናቷን ለመምሰል ትንሽ ልብስ ማስተካከል ብቻ ነው የሚቀራት። የሙከራ ጊዜሽ ሲያልቅ የቫሌንሲያዋ ደንበኛችን ሴኞራ አምፓሮ ፊት ቀርበሽ የድረ ገጿን ጉድለት በስፓኒሽ ትዘረዝሪያለሽ። ከቻልሽ ወንበሩ ያንቺ ነው። አስተማሪሽ ያውልሽ።»

መስኮቱ አጠገብ ነጭ በትር ግድግዳውን ተደግፏል። ጥቁሯ ጨርቅ አሁንም ደረቱ ላይ ናት።

«ደህና ነህ?» አለች።

ክሪሳንቶ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «የዳቦ ቤቷ ልጅ! ነይ፣ ተቀመጪ። ያ ወንበር ለወራት... ብቻ፣ ባዶ ነው። ተቀመጪበት።»

ትምህርቱ የሚጀመረው ዓይን በመጨፈን ነበር። የስክሪን አንባቢው፣ ዓይነ ስውሮች የሚጠቀሙበት ፕሮግራም፣ ገጹን ከላይ ወደ ታች ጮክ ብሎ ያነበንባል፤ ማሪቪክ ታዳምጣለች።

«ምን ሰማሽ?»

«ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ ይላል።»

«የምን ቁልፍ?»

«አልነገረኝም።»

«አየሽ? በር ብቻ የሆነ ቤት ገብተሻል፤ የትኛው መውጫ፣ የትኛው መጸዳጃ እንደሆነ የጻፈበት የለም። እንዲህ በይ፤ ቦቶን ሲን ኤቲኬታ።»

«ቦቶን ሲን ኤቲኬታ» አለች። ስም ያልተሰጠው ቁልፍ።

እንዲህ እያለ ሐረግ በሐረግ አስተማራት። ለሥዕል የሚጻፈውን መግለጫ ቴክስቶ አልተርናቲቮ ይሉታል። ለጌጥ ብቻ የተቀመጠው ሥዕል ደግሞ ኢማኸን ዴኮራቲቫ ነው፤ አንባቢው እንዳላየ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

«እናቴ ቤት እንግዳ ሲመጣ እኔ እንደዚያ ነኝ» አለች ማሪቪክ።

ክሪሳንቶ ሳቀ። በዚያ ቢሮ ሲስቅ ከተሰማ ወራት ስላለፉ ቤንጂ ከውስጥ ክፍል አንገቱን አወጣ። ሳቁ ካለቀም በኋላ የክሪሳንቶ ፊት ወደ ማሪቪክ ድምፅ እንደዞረ ቀረ። የማያይ ሰው እንደዚያ ሲያደምጥ ከመታየት ይብሳል፤ ማሪቪክ ፊቷ ጋለ።

ምሳ ሰዓት ላይ የባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ተቀምጠው ሳቲ ይበላሉ፤ በእንጨት የተሰካው ሥጋ በሚያቃጥለው መረቅ ተነክሮ ይቀርባል። «ከፊታችን ምን አለ?» ይላታል።

«ቆንጆ ባሕር።»

«'ቆንጆ' ጥፋት ነው። የተሰማሽን ሳይሆን ያየሽውን ንገሪኝ። የሚሰማኝን እኔ አውቅበታለሁ።»

«እሺ። ግራጫ ውኃ። ሸራዋ የተቀደደ ጀልባ። ጠርዙ ላይ ቆሞ የሚያስነጥስ ሽማግሌ።»

«አሁን አየሁት» ይላል ክሪሳንቶ። ማሪቪክ ያን ቃል ለመስማት ስትል ማለዳ ወደ ሥራ ስትመጣ መንገዱን ሁሉ በሆዷ እየገለጸች ትመጣ ጀመር።

«ክሪስ!» ይጮኻል ቤንጂ። «ልጅቷን ስፓኒሽ ነው የምታስተምራት ወይስ ጸሎት? ሁለታችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ!»

*

አንድ ከሰዓት በኋላ የክሪሳንቶ ማዳመጫ ገመድ ሳያስበው ተነቀለ። ድምፁ ለክፍሉ ሁሉ ተሰማ።

ስክሪኑ ላይ ሴኞራ አምፓሮ ልትከፍተው ካሰበችው የድሮ ወደቦች ስብስብ አንድ ፎቶ ነበር። አንባቢው ማሪቪክ የምታውቀውን መግለጫ አነበበ፤ የድንጋይ ወደብ፣ ወደ ውኃው የሚወርድ ደረጃ፣ ሁለት ባለ ሸራ ጀልባዎች። ከዚያ በኋላ ግን ዝም አላለም።

«በደረጃው ግርጌ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች። ፀጉሯ እርጥብ ነው። አንተን ትጠብቃለች።»

ማሪቪክ ስክሪኑን አየች። ደረጃው ባዶ ነው። ተጠግታ አየች። ጥቁርና ነጭ ድንጋይ፤ ሌላ ምንም።

ፎቶው ተቀየረ። የጉምሩክ ቤት ነው፤ መስኮቶቹ ጨለማ ናቸው። «በላይኛው መስኮት ሴትዮዋ ትታያለች» አለ ድምፁ። «እጇን ታውለበልብልሃለች።»

ማሪቪክ ወደ ክሪሳንቶ ዞረች። አልደነገጠም። ከንፈሩ ከድምፁ ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር።

«ክሪሳንቶ... ሴት የለችም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ለምታይ ሰው የለችም።»

ከዚያ ነገራት። ያ የተቀመጠችበት ወንበር የሶሌዳድ ነበር። የፎቶዎቹን መግለጫ የጻፈችው እሷ ናት። አንድ ቀን፣ 'በዚህ ሁሉ ወደብ ላይ እኔን የሚጠብቅ አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ?' ብሎ ቀለደባት። በማግስቱ ሲመጣ ከዋና እንደወጣች፣ ፀጉሯ እንደራሰ፣ በየፎቶው ቆማ አገኛት። ጽሑፉን ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ገፍታ ነው ያስቀመጠችው፤ ዓይን አያገኘውም፣ አንባቢው ብቻ ያገኘዋል።

«ከሞተች በኋላ ገጾቹ ተቆለፉ። ማንም አልነካቸውም። በየማለዳው ሥራ ስጀምር በዚያ በኩል አልፋለሁ።»

«ሴኞራ አምፓሮ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ሊለምናትም አልፈለገ፣ ሊያስፈራራትም። ማሪቪክ ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት። ይህን ሁሉ ሐረግ ሲያስተምራት አንዱን ዘሎታል። ራሷ ፈልጋ አገኘችው፤ ቴክስቶ ኦኩልቶ፣ ስውር ጽሑፍ። ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው ሲለያዩ በሪፖርቱ መጠቀስ ያለበት ጉድለት ነው።

አርብ ዕለት ሴኞራ አምፓሮ ፊት ስትቀርብ ያን ቃል ከተናገረች ሶሌዳድ ከወደቦቹ ሁሉ ትጠፋለች፤ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በማሪቪክ አፍ። ካልተናገረች የመጀመሪያ ሥራዋ ውሸት ይሆናል፤ የምትወደው ሰውም ደረጃ ግርጌ ከቆመች ሴት ጋር ሲያረጅ አጠገቡ ተቀምጣ ታያለች።

*

የሶሌዳድ ሙት ዓመት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጸሎቱን የመራችው ፌሊሳ ናት፤ ማሪቪክም አብራት ሄደች። ጸሎቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ወደ ጓዳ እየገባ ከሉን አውልቆ በአበባ ልብስ ተመለሰ። የሶሌዳድ እናት ቀይ ለብሳ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳህን እያዞረች ሰው አበላች።

ክሪሳንቶ አልመጣም።

ሰው ሁሉ ወደ ምግቡ ሲሄድ ማሪቪክ ፎቶው ፊት ብቻዋን ቀረች። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሊስቅ ትንሽ የቀረው አፍ። ልጅ ሆና በትልቁ ዛፍ ሥር ስታልፍ ለማይታዩት መናፍስት እንድትል እናቷ ያስተማረቻትን ነገር በሹክሹክታ አለች።

«በፈቃድሽ፣ ልለፍ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የገበያው አግዳሚ ላይ ለማራገፍ እንደተቀመጡ፣ ፌሊሳ ተነፈሰች። «ሁሉም አወለቀ፤ ያ ልጅ ቀረ። አንድ ሰው ቀሚሷን ከያዘ እንዴት ትሂድ? እንደዚያው ውኃዋ ሳይደርቅ መንገድ ላይ ትቀራለች።»

«እማዬ፣ እወደዋለሁ።»

የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ።

«አውቃለሁ። አላየሁሽም መሰለሽ? እኔ ዓይነ ስውር አልጠላሁም፣ ልጄ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ያስቃል። ሦስት ሆናችሁ ቤቴ እንዳትገቡ ነው የምፈራው።»

*

አርብ ማሪቪክ ቢጫ የዝናብ ልብሷን እያንጠባጠበች ቢሮ ስትገባ ክሪሳንቶ ቆሞ ነበር የጠበቃት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ከደረጃው ግርጌ የለችም! አንቀሳቅሰሻታል። ልታጠፊያት ከፈለግሽ ፊት ለፊት አትነግሪኝም? ጽሑፏን እየቀየርሽ በእኔ ትጫወቻለሽ?»

«ክሪሳንቶ፣ እኔ አልነካሁም።»

«ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አለ?»

ማሪቪክ ስፓኒሹም ቻቫካኖውም ጠፋባት። ቤንጂ በመካከላቸው ገባ። «ኧረ በማርያም! ገጾቹ የተቆለፉ ናቸው፣ እኔ ራሴ ልገባባቸው አልችልም። ቆይ ላሳያችሁ።» የለውጦቹን መዝገብ ከፈተ። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ቀስ ብሎ ጠፋ። «የመጨረሻው ለውጥ የሶሌዳድ ነው። ከመሞቷ በፊት። ከዚያ ወዲህ ማንም...» አማተበ።

ማሪቪክ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«አሰማኝ» አለች። «ከመጀመሪያው።»

ክሪሳንቶ ቁልፉን ነካ። እሱ አዳመጠ፤ እሷ አየች።

«ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ደረጃውን ወርዳ ጀልባው አጠገብ ቆማለች።»

ፎቶው ላይ ምንም አልተነቃነቀም። ሁለቱ ሸራዎች ከጥንት ጀምሮ በነበሩበት ናቸው።

«መስኮቱ ተዘግቷል። ሴትዮዋ ጀልባው ውስጥ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ደርቋል።»

ክሪሳንቶ የማሪቪክን ክንድ ያዘ። መያዙን ያወቀ አይመስልም።

«ጀልባው ከወደቡ ርቋል። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራለች።»

በመጨረሻው ፎቶ ላይ ውኃ ብቻ አለ። ድምፁ ከማንበቡ በፊት ትንሽ የቆየ መሰላት።

«ባሕር። ሸራ አይታይም። ደረጃው ባዶ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንባቢው ዝም አለ። የክሪሳንቶ ከንፈር፣ ያ ሁልጊዜ ከድምፁ ጋር እኩል የሚሄደው፣ ተዘግቶ ነበር። ይህን በቃሉ አያውቀውም። ገና አሁን መስማቱ ነው።

ዝናቡ ጣሪያውን መታ። ማሪቪክ ክንዷን ከእጁ አላወጣችም።

«ትናንት አልሄድኩም» አለ በመጨረሻ። «ከሄድኩ ታልቃለች ብዬ። ለካ እሷ እኔን ስትጠብቅ ነው የቆየችው።» እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፤ መርፌ ቁልፉን ዳበሰው፣ ከፈተው። ጥቁሯ ጨርቅ መዳፉ ላይ ቀረች። «ይቅር በይኝ፣ ማሪቪክ። ያልሆነ ነገር ተናገርኩሽ።»

«ተወው።»

«ያላስተማርኩሽ አንድ ሐረግ አለ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ቢሆንም ከእኔ ስሚው። ቴክስቶ ኦኩልቶ።»

«ቴክስቶ ኦኩልቶ» አለች።

«ቀስ በይ። አትፍሪው» አለ። የሱ ድምፅ ግን ተሰብሮ ነበር።

ሴኞራ አምፓሮ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል እዚያ ማለዳ ነው፤ ከኋላዋ በመስኮቱ የፀሐይ ብርሃን ገብቷል። ማሪቪክ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ጨብጣ ጉድለቶቹን ዘረዘረች። ስም ያልተሰጣቸው ቁልፎች። ዓይን የሚያደክሙ ፈዛዛ ፊደሎች። ለጌጥ ተብለው የታለፉ፣ ግን ታሪክ የያዙ ሥዕሎች። ሁለት ቦታ ተሳሳተች፤ ሴኞራ አምፓሮ በትዕግሥት ጠበቀቻት።

«ሌላስ አለ?»

ማሪቪክ ወደ ክሪሳንቶ አየች። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ እንደምታየው አውቆ።

«ስውር ጽሑፍ አለ» አለች በስፓኒሽ። «በሁሉም ፎቶ። የፎቶው አይደለም።»

«ማን ጻፈው?»

የምታውቀው ስፓኒሽ ጥቂት ስለሆነ አጭር አድርጋ መለሰች። «እዚህ ትሠራ የነበረች ሴት። ሥራዋን ጨርሳ ሄዳለች።»

ሴኞራ አምፓሮ ለአፍታ የክሪሳንቶን ፊት ተመለከተች። «እንግዲያው ይነሣ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ወንበሩ ግን ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

ገጾቹ ሲከፈቱ ጽሑፉን ያጠፋው ክሪሳንቶ በራሱ እጅ ነው።

*

«በቀጥታ ወደ ቤት እንዳትገቡ!» አለ ቤንጂ ከደረጃው ላይ። ዛሬ አልቀለደም።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። የክሪሳንቶ በትር የረጠበውን ድንጋይ እየነካ፣ ትከሻዋን በሌላ እጁ እንደያዘ፣ ሄዱ። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ሲደርሱ ቆመ።

«ከኋላችን ምን አለ?»

ማሪቪክ ዞረች። የተሰማትን ሳይሆን ያየችውን። «እርጥብ መንገድ። የቆመ ባጃጅ፤ ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከዚያ ወዲያ ማንም የለም።»

«ከፊታችንስ?»

«ዳቦ ቤቱ። በሩ ክፍት ነው።»

«በቀኜስ?»

የራሷን ልብስ ወደ ታች አየች።

«ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት። ልብሱ ይሰፋታል። አንተን እያየች ነው።»

«ቆንጆ ናት?»

«'ቆንጆ' ጥፋት ነው ብለሃል።»

«ዛሬ ብቻ ይፈቀድ» አለ ክሪሳንቶ።

ውስጥ ፌሊሳ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከሌላ ለቅሶ ተመልሳ ልታራግፍ ነው። ሁለቱን አየቻቸው። የክሪሳንቶን ደረት አየች፤ መርፌው የበሳትን ቀዳዳ። ወንበር ገፋችላቸው።

እትዬ ኪካ ትሪዋን ይዛ መጣች። ስኒዎቹን እያነሳች ደረደረቻቸው። ማሪቪክ ለመቁጠር ፈርታ ወደ በሩ አየች።

የክሪሳንቶ እጅ በጠረጴዛው ላይ መንሸራተት ጀመረ። የራሱን ስኒ ነካ። የፌሊሳን ነካ። የማሪቪክን ነካ። አላቆመም፤ በባዶው እንጨት ላይ እየዳበሰ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ደረሰ። እዚያ ምንም አልነበረም። እጁ ጠርዙ ላይ ቀረ፤ ማሪቪክ የራሷን እጅ ደረበችበት።

ፌሊሳ መቁጠሪያዋን ወደ ቦርሳዋ ከተተች።

«ቸኮላቱ ሳይቀዘቅዝ ጠጡ» አለች። «ከዚያ ሦስታችንም ወደ ቤት እንገባለን።»